ድራይቨሩን ለስድስት ሳምንት ከመኪናህ አውርደው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ የሂሳብ ሥራ ድርጅት ከተቀጠርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ጁን ላይ የጎልፍ ቀን አለው። ሁለቱን ዓመት ሰበብ ፈልጌ ቀረሁ፤ ዘንድሮ ግን አለቃዬ ራሷ አንድ ቡድን ውስጥ ስሜን ስላስገባችው ማምለጫ የለኝም። አሥር ሳምንት ቀርቶታል። ካለፈው ሴፕቴምበር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ሬንጅ (የጎልፍ መለማመጃ ቦታ) እየሄድኩ መቶ መቶ ኳስ እመታለሁ። አዲስ ድራይቨር፣ ኳስ አርቆ መምቻውን ረጅሙን ዱላ፣ ገዝቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ትምህርት የለም። ኳሷ ግን ቀጥ ብላ ትነሳና እንደ ማጭድ ታጥፋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወደ ግራ ሳነጣጥር ይብስባታል። በብረቱ ዱላ ስመታ ደግሞ አንዴ መሬቱን፣ አንዴ የኳሷን አናት ነው የማገኘው። አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ‹ራስህን አታንሳ› ይለኛል፤ አገጬን ደረቴ ላይ ለጥፌ እመታለሁ፣ ለውጥ የለም። ወገቤንም ማመም ጀምሮኛል። ልጅ ሆኜ በገና ጨዋታ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ዱላ ለእጄ አዲስ አይደለም። ሌላም አለ፤ ሜዳው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል፣ ‹ይህ ጨዋታ የእኛ አይደለም› የሚል ስሜት ይይዘኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ አትተወው። ሰባት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን መቶ መቶ ኳስ የመታ ሰው ሰነፍ አይደለም። ችግርህ የትጋት ማነስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተፈታ ነበር። አንዱን ስህተት በሺህ ጊዜ ስለደጋገምከው ሰውነትህ ስህተቱን አጥንቶታል፤ አሁን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ማጥናት ነው። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ አዲሱን ድራይቨር ከመኪናህ አውርደህ ለስድስት ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የድራይቨር ፊት፣ ማለትም ኳሷን የሚነካው ገጽ፣ ወደ ኋላ የሚያጋድለው ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የ7 ቁጥር ብረት 30 ዲግሪ ገደማ ያጋድላል፤ ዌጅ የሚባለው የአጭር ርቀት ዱላ ደግሞ ከእርሱም ይበልጣል። ፊቱ በደንብ ያጋደለ ዱላ ኳሷን ወደ ኋላ አጥብቆ ስለሚያሾራት ወደ ጎን የመጠማዘዝ ዕድሏ ይቀንሳል። ድራይቨር ግን ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሿን ስህተት አጉልቶ ያወጣታል፤ ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙ ስለሆነም ስህተቷን ያባዛታል። ጎልፍን በድራይቨር መጀመር መኪና መንዳትን በተሳቢ እንደ መጀመር ነው።

የሂሳብ ሰው ነህና በቁጥር ላሳይህ። ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ በብዛት ፓሩ፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ 72 ነው። ፓር የሚሰላው በየግሪኑ (በቀዳዳው ዙሪያ ባለው አጭር ሣር) ሁለት ሁለት ፑት፣ ኳሷን ወደ ቀዳዳው የማንከባለል ምት፣ ተይዞ ነው፤ ስለዚህ ከ72ቱ ምት 36ቱ የማንከባለያው ዱላ የፑተር ድርሻ ነው። ድራይቨር የሚወጣው ግን ቢበዛ 14 ጊዜ ነው፣ በእንዲህ ያለ ሜዳ ብዙውን ጊዜ አራቱ ቀዳዳዎች በአንድ ምት የሚደረስባቸው አጫጭር ፓር 3 ናቸውና። አንተ ለ14ቱ ሰባት ወር ሰጠህ። ለ36ቱ ስንት ቀን ሰጠህ? በደብዳቤህ ውስጥ ፑተር የሚለውን ቃል ፈልጌ አንድም ቦታ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ማጭዷ እንምጣ። ይህ በሽታ ስላይስ ይባላል፤ ከጀማሪ አብዛኛው አለበት። ኳሷ መጀመሪያ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ሲነካት ፊቱ ያየበት አቅጣጫ ነው። ከዚያ በኋላ በአየር ላይ የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱ ያየበት አቅጣጫና ዱላው የተጓዘበት መስመር ስለተለያዩ ነው። ድሮ አስተማሪዎች ተቃራኒውን ነበር የሚያስተምሩት፤ ኳሷ ዱላው በተጓዘበት መስመር ትነሳለች ይሉ ነበር። ነገሩ የጠራው የኳሷን በረራ በራዳር የሚለኩ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ አሮጌውና አዲሱ ትምህርት ተደባልቆ ስለሚገኝ ግራ ብትጋባ አልፈርድብህም።

የአንተ ኳስ ቀጥ ብላ ተነስታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች፣ ፊቱ ዒላማውን አይቷል፤ ዱላው ግን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ግራ እያቋረጠ ነው ያለፈው። ወደ ግራ ስታነጣጥር የሚብስበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰውነትህን ወደ ግራ ስታዞር የዱላው መስመር አብሮህ ይበልጥ ወደ ግራ ይዞራል። እጅህ ግን ኳሷ ወደ ዒላማው እንድትሄድለት ስለሚፈልግ ፊቱን ወደ ቀኝ ከፍቶ ያስቀረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ኳሷም የባሰ ትታጠፋለች። ስለዚህ ወደ ግራ ማነጣጠሩን ዛሬውኑ ተው።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ከእጅ ነው። ስለ ስዊንግ፣ ስለ ዱላው አወዛወዝ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ዳሌና ስለ ትከሻ ሊሰማ ይፈልጋል፤ እኔ ግን አያያዙን ሳላይ ምንም ማለት አልወድም። ገና ስትጫወት ዱላውን በመዳፍህ ጨብጠህ ነበር የምትይዘው፣ ትክክልም ነበርክ። ሩሯ ትሮጣለች፣ ተጋፊ አለ፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ ያልጨበጠ ሰው ዱላው ከእጁ ይወጣል። የጎልፍ ኳስ ግን ቆማ ነው የምትጠብቅህ፤ የሚጋፋህም የለም። እዚህ ዱላው የሚያዘው በጣቶች ሥር ነው።

ግራ እጅህን ዘርጋና እጀታውን ከትንሿ ጣት ሥር አስነስተህ እስከ ጠቋሚ ጣትህ መካከለኛ አንጓ በሰያፍ አስተኛው። እጅህን ስትዘጋ ከአውራ ጣትህ ትይዩ ያለው ወፍራሙ የመዳፍ ሥጋ ከእጀታው በላይ ያርፋል። አሁን ቁልቁል እይ። ከግራ እጅህ የጣት አንጓዎች ሁለት ወይም ሦስት መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ ከታየህ፣ የአንተ ሳይሆን እንደማይቀር እገምታለሁ፣ እጅህ ወደ ግራ በጣም ዞሯል፤ እንዲህ የያዘ እጅ ደግሞ ኳሷ ጋ ሲደርስ ፊቱን ይከፍተዋል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል የሚሠራው መስመር ወደ ቀኝ ትከሻህ ያመልክት። ከዚያ ቀኝ እጅህ መጥቶ የግራውን አውራ ጣት በመዳፉ ይሸፍነው፤ የእርሱም መስመር ወደዚያው ትከሻ ያመልክት። የቀኟን ትንሽ ጣት በግራዎቹ ጠቋሚና መካከለኛ ጣቶች መሐል ብታሳርፋት፣ ይህ አያያዝ ኦፕን የሚባለውን የብሪታንያ ታላቅ ውድድር ስድስት ጊዜ ባሸነፈው በሃሪ ቫርደን ስም የሚጠራው ነው። ጣቶቹን ማቆላለፍም፣ አሥሩንም እጀታው ላይ መደርደርም ይቻላል። ለእጅህ የሚስማማውን ምረጥ፤ ከመረጥክ በኋላ ግን አትቀያይር።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ሕፃን ልጅ እጁን ይዘህ መንገድ ስታሻግር እንዴት እንደምትይዘው አስብ። አያመልጥህም፤ አታሳምመውምም።

አዲሱ አያያዝ ለሁለት ሳምንት ያህል የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይሰማሃል። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠህ ለአሥር ደቂቃ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። ኳስም ስዊንግም የለም። ሬንጅ ላይ መጀመሪያ ስትሞክረው ኳሷ ወደ ግራ ልትሄድብህ ትችላለች፤ ያኔ ደስ ይበልህ፣ ፊቱ መዘጋት ጀምሯል ማለት ነውና። ብዙ ሰው እዚያች ላይ ደንግጦ ወደ ድሮው አያያዝ ይመለሳል፤ ድካሙም ሁሉ መና ይቀራል።

ፊቱ በእጅ ይስተካከላል፤ መስመሩ ግን የሰውነት ሥራ ነው። የቡሄን ሰሞን አስታውስ። ገና የተጫወተ ልጅ ጅራፍም ሳያጮኽ አይቀርም። ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ በጉልበት አይጮኽም። ክንዱን ያደነደነ ልጅ ጅራፉ እግሩ ላይ ይጠመጠምበታል እንጂ ድምፅ አይወጣለትም። የሚያጮኸው ልጅ በመጀመሪያ እግሩና ወገቡ ይዞራሉ፤ ትከሻው ይከተላል፤ ክንዱ ይከተላል። ከዚያ እጁ ቆም ይላል። እጁ ቆም ባለባት ቅጽበት ፍጥነቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ይሮጥና ጫፉ ይጮኻል።

የጎልፍ ስዊንግ ይኸው ነው። የታላላቅ ተጫዋቾች እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲለካም የሚታየው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ወደ ኳሷ ሲመለሱ ዳሌ ይቀድማል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ ይከተላል፣ ዱላው መጨረሻ ላይ ይመጣል። እያንዳንዱ ፍጥነቱን ለሚቀጥለው ያስረክብና ራሱ ይቀዘቅዛል። ቀጭን ሰው ግዙፉን ሰው አርቆ ሲመታ የምታየው ለዚህ ነው።

አንተ ቅደም ተከተሉን እየገለበጥከው ነው። ዱላው ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚነሳው ቀኝ ትከሻህ ነው፤ በጉልበት ለመምታት ስለምትጓጓ ትከሻህ ወደ ኳሷ ይወረወራል። ትከሻ ሲቀድም ክንዶችህ ከሰውነትህ ርቀው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ከመቁረጥ በቀር መንገድ የላቸውም። ሳላይህ እንዴት እንዲህ በድፍረት እንደምናገር ብትጠይቀኝ፣ ኳሷ ነግራኛለች እልሃለሁ። እንዲህ ያለ በረራ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ለዚህ ሦስት ልምምድ ልስጥህ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳ ቢስማማህ ይበቃል። ዱላውን ገልብጠህ በብረቱ በኩል ያዘውና ያለ ኳስ አወዛውዘው። አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያወጣውን ድምፅ ስማ። ድምፁ ቀኝ ጆሮህ አጠገብ ከጮኸ ፍጥነትህን ላይ ጨርሰኸዋል። ኳሷ ትቀመጥ የነበረበትን ቦታ አልፎ ወደ ግራ እግርህ በኩል እስኪጮኽ ድረስ ደጋግመው፤ ይህን ሜዳ ሳትሄድ ጓሮህ ውስጥ ማድረግ ትችላለህ። ሁለተኛው፣ ከኳሷ ውጭ በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ባዶ የኳስ ካርቶን አስቀምጥ። ከውጭ ከመጣህ ካርቶኑን ትመታዋለህ፤ ካርቶኑን ሳትነካ ኳሷን ካገኘሃት መስመሩ ተስተካክሏል። ሦስተኛው፣ ሐይቅ ዳር ቆመህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ውኃው ላይ ስታንሸራትት ሰውነትህ የሚያደርገውን ልብ በል። ማንም ሳያስተምርህ እግርህ ይቀድማል፣ ክርንህ ወደ ጎንህ ይጠጋል፣ እጅህ ዝቅ ብሎ ከውስጥ ይመጣል። ያንን ስሜት ወደ ዱላው አምጣው።

ስትጀምረው በትንሹ ጀምረው። 8 ወይም 9 ቁጥር ብረት ያዝ፤ እጅህ ወደ ኋላ እስከ ወገብህ ይሂድ፣ ወደ ፊትም እስከ ወገብህ። ኳሷ 50 ሜትር እንኳ ባትሄድ አይግድህ። በዚህ ትንሽ ስዊንግ ከአሥር ኳስ ስምንቱን ቀጥ አድርገህ መላክ ስትችል ወደ ትከሻ ከፍ አድርገው። በትንሹ ያልቀናው በትልቁ ሊቀና አይችልም።

ወደ ብረቱ ችግር ልለፍ። አንዴ መሬት፣ አንዴ አናት የምታገኘው ሁለት በሽታ ስላለብህ አይደለም፤ አንድ ነው። ኳሷን ልታነሳት ትሞክራለህ። ክብደትህን ቀኝ እግርህ ላይ ትተህ ከሥሯ ልትጨልፋት ስትል የስዊንግህ ዝቅተኛ ነጥብ ከኳሷ ኋላ ይቀራል። ዱላው እዚያ መሬት ከነካ ወፍራም ምት ይሆናል፤ ሳይነካ ካለፈ ደግሞ ወደ ላይ እየወጣ ስለሚደርስባት አናቷን ይገጫል። ኳሷን ማንሳት የአንተ ሥራ አይደለም። ያ 30 ዲግሪ ያጋደለ ፊት የተሠራው ለዚሁ ነው። በብረት ዱላ ኳሷ የምትመታው ዱላው ገና ወደ ታች እየወረደ ሳለ ነው፤ መጀመሪያ ኳሷ፣ ከዚያ ሣሩ። ጎበዝ ተጫዋች ከመታ በኋላ ተገሽልጦ የሚነሳው ሣር ኳሷ ከነበረችበት ፊት ለፊት የሚሆነው ለዚህ ነው። (ድራይቨር ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ቲ በምትባለው ትንሽ ችካል ላይ የተቀመጠችን ኳስ ትንሽ ወደ ላይ እየወጣ ቢመታት ይሻላል። እርሱን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ትተነዋል።)

ሣር ላይ ሁለት ቲ አራርቀህ ትከልና በመካከላቸው የማይታይ መስመር አስምር። ያለ ኳስ እያወዛወዝክ ዱላው ከመስመሩ ወደ ዒላማው በኩል ያለውን ሣር ብቻ እንዲላጭ አድርግ። እንዲሆንልህ ክብደትህ ወደ ግራ እግርህ መሻገር አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። ስትጨርስ ሆድህ ዒላማውን ይይ፣ የቀኝ ተረከዝህ ከመሬት ይነሳ፣ ቀኝ እግርህን ብታነሳው እንኳ ሳትንገዳገድ መቆም ቻል። እንደዚያ ቆመህ ኳሷ እስክታርፍ ጠብቃት።

ስለ ጓደኛህ ምክር በግልጽ ልናገር። «ራስህን አታንሳ» በጎልፍ ዓለም ከሚነገሩ ምክሮች ሁሉ በብዛት የሚነገርና በብዛት የሚጎዳ ምክር ነው። ጓደኛህ ያየው እውነት ነው፤ ራስህ ሲነሳ አይቷል። ያ ግን ኳሷን ለማንሳት መላ ሰውነትህ ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚታይ ምልክት ነው፤ ትኩሳት እንጂ ወባው አይደለም። አንተ ደግሞ ምልክቱን ለማጥፋት አገጭህን ደረትህ ላይ ለጠፍከው። አገጭ ደረት ላይ ሲለጠፍ ትከሻ የሚያልፍበት ቦታ ያጣል፣ ደረት መዞር ያቅተዋል፤ ያጣኸውን መዞር ከታችኛው ወገብህ ልታወጣ ትታገላለህ። የወገብህን ሕመም ከዚህ ጋር አያይዘዋለሁ። አገጭህን ቀና አድርግ፤ ዓይንህ ኳሷን ይይ፣ ከተመታች በኋላ ግን ራስህ ከደረትህ ጋር አብሮ ይዙር። ስትቆምም ከወገብህ ሳይሆን ከዳሌህ ታጠፍ፣ ጉልበትህን በትንሹ አላላ፣ ክንዶችህ ከትከሻህ ሥር ዝም ብለው ይንጠልጠሉ። ከመጀመርህ በፊት አምስት ደቂቃ ተንቀሳቀስ። ሕመሙ ይህን ካስተካከልክ በኋላ ካልተወህ ወይም ወደ እግርህ ከወረደ ሐኪም ሳያይህ ዱላ አትንካ።

ሬንጅ ላይ የምታሳልፈውን ጊዜም እንለውጠው። እዚያ የምትመታው ከሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉ ይዋሻል። ዱላው ከኳሷ ኋላ ቢያርፍ እንኳ ተንሸራቶ ይደርስባታል፤ ኳሷም ትሄዳለች፣ አንተም ጥሩ መታሁ ትላለህ። ሣር ላይ ያው ምት መሬት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሬንጅ ላይ እሳት፣ ሜዳ ላይ አመድ የሚሆኑ ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነው። ስለዚህ የሣር ሬንጅ ካገኘህ እርሱን ምረጥ፤ ካላገኘህ ድምፁን አድምጥ፣ ዱላው ምንጣፉን ቀድሞ ሲመታው «ዱብ» የሚል ድምፅ አለው። መቶ ኳስ መምታቱንም ተው፤ ሃምሳ ይበቃሃል። ከሃምሳው ሠላሳው በትንሹ ስዊንግ፣ ሃያው በሙሉው። ከእያንዳንዱ በኋላ ከኳሷ ኋላ ሂድ፣ ዒላማ ምረጥ፣ አያያዝህን እንደ አዲስ ያዝ። በአንድ ቀን ስለ አንድ ነገር ብቻ አስብ። ስለ እጅ የምታስብበት ቀን ስለ ዳሌ አታስብ።

ዩቲዩቡን ደግሞ ለአሥር ሳምንት ዝጋውና በዚያ ምትክ አንድ ሰዓት ከተመሰከረለት አስተማሪ ጋር ቅጠር። ብዙ ሰው ሁሉንም ሞክሮ ሲያቅተው ነው አስተማሪ ዘንድ የሚሄደው፤ አንተ በሁለተኛው ሳምንት ሂድ። ስላይስ እንዳለብህ ንገረው፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲሰጥህ ጠይቀው፤ በስልክህ ሁለት ቪዲዮ እንዲያነሳህም ለምነው፣ አንዱ ከፊት ለፊትህ፣ ሌላው ከኋላህ በዒላማው መስመር ላይ በእጅህ ከፍታ። ሰውነታችን አደረግኩ የሚለንና በእርግጥ ያደረገው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚያስታርቃቸው። ለአዲሱ ድራይቨር ያወጣኸው ገንዘብ በዚህ ላይ ቢውል ምንኛ በወደድኩ፤ ግን ያለፈ አልፏል።

ፑቱን ቤትህ ምንጣፍ ላይ ጀምረው። የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ነው፣ ኳሷ 43 ሚሊሜትር ገደማ፤ ከአንድ ሜትር ላይ ሰፊ በር ነው። ውኃ መጠጫ ብርጭቆ አጋድመህ በየቀኑ ሃያ ኳስ ከአንድ ሜትር ላይ አስገባ። ሜዳ ስትሄድ ደግሞ መለማመጃው ግሪን ላይ ከአሥር ሜትር ሞክር፤ ማስገባቱን ተወው፣ ኳሷ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ርቀት ውስጥ እንድትቆም ብቻ አድርግ። ጀማሪ ሦስትና አራት ፑት የሚያባክነው አቅጣጫ ስቶ ሳይሆን ርቀት ስቶ ነው። ከግሪኑ ዳር በ9 ቁጥር ብረት ኳሷን ትንሽ አንስቶ ማንከባለልንም ጨምርበት። ለዚህ ሁሉ ሰፈርህ ውስጥ ያለው የስላይጎ ክሪክ ባለ 9 ቀዳዳ ሜዳ ይስማማሃል። ወደ ማታ ሰው ሲቀንስ ከአምስትና ስድስት ዱላ በላይ ሳትይዝ ሂድ። ደንቡ የሚፈቅደው እስከ 14 ነው፤ ጀማሪ ግን ግማሹም ይበዛበታል።

ይህን ጨዋታ የእኛ አይደለም ስላልከው፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ ውስጥ የቀረው እርሱ ነው። እኔም ስጀምር በአንድ ሜዳ መመዝገቢያ ላይ የተቀመጠ ሰው ዱላ ተሸካሚ መስዬው «ተጫዋቾቹ የት ናቸው?» ብሎኛል። ያን ቀን ወደ ቤት ተመልሻለሁ። የመለሰኝ አንድ ሜዳ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያለው ላንግስተን። በ1930ዎቹ የከተማዋ ጥቁር ጎልፍ ተጫዋቾች ከአብዛኛው ሜዳ ተከልክለው ነበር። ሮያል የሚባለው የወንዶች ክለብና በ1937 የተመሠረተው ዌክ ሮቢን የሚባለው የጥቁር ሴቶች ክለብ ለወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊ ለሃሮልድ ኢከስ አቤቱታ ሲያቀርቡ ቆይተው በ1939 ሜዳው በ9 ቀዳዳ ተከፈተ። ስሙም ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር የጆን መርሰር ላንግስተን ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር ነጭ ያልሆነ አባል አይሆንም የሚለውን አንቀጽ የሰረዘው ገና በ1961 ነው። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ታላቅ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ የተሰለፈው ሊ ኤልደር በኋላ ላንግስተንን አስተዳድሯል። ሰዎች በአቤቱታ ያስከፈቱትን በር ነው አንተ የምትገባበት። አንድ እሁድ ሂድና እየው፤ ባትጫወት እንኳ ግሪኑ ዳር ቆመህ ሽማግሌዎቹን እያቸው።

ሰው ሁሉ ያየኛል ያልከውን በተመለከተ ግን፣ የመጀመሪያው ቲ፣ የመነሻው ቦታ፣ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የራሱን ምት እየፈራ ነው። ጀማሪን ማንም አይጠላም፤ የሚጠላው ጨዋታ የሚያጓትት ሰው ነው። ተራህ ሳይደርስ ዱላህን መርጠህ ጠብቅ። የጠፋች ኳስ ለመፈለግ ደንቡ ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጥህ፤ አንተ አንድ ይብቃህ። ፓር 4 ላይ ስምንት ምት ከደረስክ ኳስህን አንሳና ወደ ሚቀጥለው ሂድ። ግሪን ላይ የሌላው ሰው ኳስ የምትሄድበትን መስመር አትርገጥ፣ ሲመታ ዝም በል፣ ኳስህ አሸዋ ውስጥ ገብታ ከሆነ ስትወጣ አሸዋውን ደልድለው። ይህን የሚያደርግ ሰው 120 ቢመታ እንኳ ሁሉም አብሮት መጫወት ይወዳል።

የጁኑን ቀን ደግሞ አስቀድመህ አጣራ። የመሥሪያ ቤት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ስክራምብል በሚባለው መንገድ ነው የሚካሄደው። አራታችሁም ትመታላችሁ፣ ከአራቱ ምርጧ ኳስ ትመረጣለች፣ ሁላችሁም ከእርሷ ቦታ እንደገና ትመታላችሁ፤ እስከ ቀዳዳው ድረስ እንዲሁ። የአንተ መጥፎ ኳስ ማንንም አትጎዳም፤ አንድ ጥሩ ፑትህ ግን መላውን ቡድን ታነሳለች። ብርጭቆው ላይ የተለማመደ እጅ የሚፈለገው ያኔ ነው። ድራይቨሩን ያን ቀን ይዘኸው ሂድ፤ ስድስቱ ሳምንት ካለፈ ቆይቷል። የምታወጣው ግን ከቡድንህ አንዱ ቀድሞህ ቀጥ ያለ ኳስ ሜዳው መሐል ላይ ካሳረፈ ብቻ ነው፤ ካላሳረፈ 7 ቁጥሩን ያዝና እስከ ትከሻህ ብቻ አወዛውዘው።